ዘጠነኛው አስጠኚ

ከጽሑፍ መምህርቷ ባልደረባዬ ጋር ለሰባት ዓመት አንድ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ተጋርተናል። የእሷ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር፣ የኔ በሩ አጠገብ ስለነበር፣ እሷን ፈልጎ የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። አንገቱን ብቅ ያደርግና በሹክሹክታ «ቀይ እስክርቢቶ አለች?» ይለኛል። በስሟ የሚጠራት አልነበረም። እሷም ታውቃለች፤ አይከፋትም። «ቀይ ያልነካው ጽሑፍ ሰው ያላነበበው ጽሑፍ ነው» ትላለች።

ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። የሌሎቻችን ተማሪዎች ወረቀታቸው የሚመለስላቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የእሷ በሦስተኛው ቀን። ተማሪ ከታመመ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። እርግጥ ስትወጣ ያረመችውን ወረቀት ትራስጌው ላይ ትታለት ነው። ስህተት አይታ ማለፍ አትችልም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ «ዉሐ የለም» የሚል ማስታወቂያ ብታይ፣ ውሃው ለምን እንደጠፋ ሳትጠይቅ ፊደሉን አርማ ትሄዳለች። ስንስቅባት መልሷ አንድ ነው፦ «ሳይቃጠል በቅጠል።»

ወንድም እንዳላት ያወቅሁት በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ያውም በድንገት። ስለ ታናሽ ወንድሜ ሳማርርላት «እኔም አለኝ» አለችና ወዲያው ወሬውን ቀየረችው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን ነገረችኝ፤ የቀረውን ግን የሰማሁት ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሞቱ። አባትየው የረጅም መንገድ ሹፌር ስለነበሩ በወር አራት ቀን ቤት ቢገኙ ነው። ልጁን አጥባ አልብሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ጉንጩ ሙሉ ስለነበር «ድንቡሽ» ትለዋለች፤ እሱ «እትዬ» ይላታል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ደብተሩን ያመጣል፣ እሷም ቀይዋን ታወጣለች። እጇን አንስታበት አታውቅም። ደብተሩ ላይ ግን አንድ መስመር ሳትነካ አታልፍም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ ማንም ሳያዘው፣ ስለ እናታቸው አንድ ገጽ ጽፎ አመጣላት። አሥራ አንድ ስህተት አገኘችበት። ሁሉንም አሰመረችበትና ከግርጌው «ድገመው» ብላ ጻፈች። አልደገመውም። እሷም ወዲያው ረሳችው።

ልጁ አድጎ እሷ የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ አለ። አንብቢልኝ አላላትም። ሲመለስ አርባ ሁለቱም ገጽ ቀልቷል። ቆሞ አገላበጠው፣ ገልብጦ አስቀመጠው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብበሽልኝ አታውቂም። አንቺ የምታነቢው እስከ ስህተቱ ድረስ ነው።»

«እኔ ያላረምኩህ ማን ሊያርምህ ነው? ሰው እንዲስቅብህ ትፈልጋለህ?»

«ይሳቁ» አለ።

በዚያው ሳምንት ትምህርቱንም ቤቱንም ትቶ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ አባታቸው ሲሞቱ መጥቶ ከሰው ኋላ ቆሞ ቀበረ። እጇን ጨብጦ «እትዬ፣ ጠንክሪ» አላት፤ ሄደ። የት እንደሚኖር አልጠየቀችውም። ኩራት ይሁን እልህ፣ ወይም ዛሬ ካልሆነ ነገ ይመጣል ብላ፣ እሷም አታውቀውም። እንዲህ እንዳሉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

አሁን ባልደረባዬ ወደ ሠራችው ጥናት ልምጣ። ዩኒቨርሲቲያችን በርቀት ለሚማሩ ተማሪዎች በኢንተርኔት የጽሑፍ እገዛ ይሰጣል። ተማሪው በኮምፒውተሩ ይገባል፣ አስጠኚው ጽሑፉን ከፊቱ ዘርግቶ ለአንድ ሰዓት ያነጋግረዋል። አስጠኚዎቹ በሰዓት የሚቀጠሩ ናቸው፤ ከየቤታቸው ነው የሚሠሩት፤ ከእኛ ከመምህራኑ ጋር አንተዋወቅም። እሷ ማጥናት የፈለገችው አስጠኚው የሚሰጠውን አስተያየት ነው፦ የትኛው አስተያየት ተማሪውን ወደ ጽሑፉ ይመልሰዋል? የትኛው ያባርረዋል? መልሱን ከመጀመሪያው የምታውቀው መስሏት ነበር። ጥርት ያለ እርማት የሚሰጥ አስጠኚ ያሸንፋል ብላ ጀመረች።

የዘጠና ስድስት ክፍለ ጊዜ ንግግር በጽሑፍ ተገልብጦ መጣላት። የተማሪም የአስጠኚም ስም የለበትም። አሥራ አንዱ አስጠኚዎች ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁት የእገዛ ማዕከሉ አስተባባሪ ብቻ ናቸው። የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ከተገለበጠ በኋላ ይጠፋል። ይህን ደንብ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጽፋ ያስጸደቀችው ራሷ ናት።

ገልባጩ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የተሳቀበት ቦታ «[ሳቅ]»፣ ዝም የተባለበት ቦታ «[ዝምታ]» ብሎ ከነሰከንዱ ያስቀምጣል፤ የተሳለበትንም «[ሳል]» ይላል። አንድ ቀን ስልክ ደውላ «ሳሉን አውጣልኝ፤ ገጹን ያጨናንቀዋል፤ ለጥናቱ አይጠቅምም» ስትለው ሰምቻለሁ። አወጣው።

ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ትመድብ ጀመር። እርማት ከሆነ «እ»፣ ጥያቄ ከሆነ «ጥ»፣ ማበረታቻ ከሆነ «ማ»። በሁለተኛው ወር ላይ ከወረቀቱ ቀና ብላ፦

«ይሄ ዘጠኝ ቁጥር የሚሉት ሰውዬ ወይ ሰነፍ ነው ወይ ተንኮለኛ ነው» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«አያርምም! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት እርማት። ተማሪዋ ስህተት በስህተት ሆና እሱ ይጠይቃታል፣ ዝም ይላል፣ ይጠይቃታል። እስቲ ስሚ ይሄን።»

አነበበችልኝ። ተማሪዋ ሥራ ውላ የምትማር ነርስ ናት፤ ደክሟታል።

«ስህተቱን ብቻ ንገረኝና ልውጣ» ትላለች።

«ስህተቱ የትም አይሄድም» ይላል አስጠኚ ዘጠኝ። «መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጊዜ አለን።»

ታነባለች። ከዚያ የአሥራ አራት ሰከንድ ዝምታ።

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ተለወጠ። ምን አለ እዚያ ቦታ?»

«እኔ የምለው» አለች ባልደረባዬ ወረቀቱን እያወዛወዘች፣ «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግሱና ባለቤቱ አይስማሙም። እዚያ ያለው እሱ ነው!»

ሳቅን። እንዲህ ብትልም ቆጠራው ሲወጣ አፏን ያዘች። ከሌሎቹ አስጠኚዎች ጋር አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ አይመለሱም። ከዘጠኝ ጋር ከተቀመጡት ግን ከአሥር ስምንቱ ተመልሰው መጥተዋል፤ ያውም ጽሑፋቸውን እንደገና ጽፈው። በጣም እርማት የሚያበዛው አስጠኚ ቁጥር ሁለት ነበር። እሱ ዘንድ የሚመለስ የለም ማለት ይቻላል። ያን ቀን የሁለትን ወረቀቶች ይዛ ብዙ ቆየች። «ይሄ ሰውዬ እኔን ነው የሚመስለው» አለች፤ ቀልድ አልነበረም።

ያወቀችው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። እኔ ፈተና እያረምኩ ነበር። የእስክርቢቶዋ ድምፅ ሲቆም ቀና አልኩ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ምነው? አመመሽ?»

«ነዪ አንብቢው» አለች።

ሄጄ ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ። አንድ ተማሪ ሐሳቧ ተወሳስቦባት አንቀጹን ልሰርዘው ትላለች። አስጠኚ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «አትጎትቺው፤ ጫፉን ፈልጊለት። እናቴ ክር ሲወሳሰብብን እንደዚያ ነበር የምትለን። ልብስ ሰፊ ነበረች።»

«የእኔ እናት ናት» አለች። «ይሄን የምትለው የእኔ እናት ናት።»

ልብስ ሰፊ እናት ሞልቷል ልላት ነበር፤ ግን እሷ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ሌላ ገጽ አወጣች። ቀድሞ አንብባው፣ «ከርዕስ የወጣ» ብላ ያለፈችው ቦታ ነው። አንዱ ተማሪ «አንተን መጻፍ ማን አስተማረህ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

«እህቴ።»

«ጎበዝ ናት?»

«በጣም። አንድ ስህተት አያመልጣትም። [ሳቅ] በል ወደ አንቀጹ እንመለስ።»

«ሳቅ ይላል» አለችኝ፣ በጣቷ እያሳየች። «እንዴት ያለ ሳቅ ነው? በምን ልወቅ?»

ድምፁ ጠፍቷል፤ ደንቡ ነው።

ያን ቀን ምንም አልሠራችም። ደንቡ ተመራማሪው የአስጠኚዎቹን ማንነት ለማወቅ እንዳይሞክር ይከለክላል፤ ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት። በማግሥቱ ጠዋት ግን አራት መስመር ደብዳቤ ጽፋ መጣች። አሳየችኝ፦ «ድንቡሽ፣ እኔ ነኝ። የሠራኸውን አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ነው ያነበብኩት። ወይ ና፣ ወይ ልምጣ።»

«ይበቃል?» አለችኝ። በሕይወቷ ስለ ጽሑፍ ሰው ስትጠይቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ይበቃል» አልኳት።

አብሬያት ወደ እገዛ ማዕከሉ ሄድኩ። ሁለት ፎቅ ወርደን፣ ግቢውን ተሻግረን ነው። አስተባባሪዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ባልደረባዬ ፖስታውን ዘርግታ ቆማ ነበር የተናገረችው።

«ስሙን አይንገሩኝ። እንዲነግሩኝም አልጠይቅም። ይሄን ብቻ ለአስጠኚ ዘጠኝ ይስጡልኝ። የማላውቀው ሰው ከሆነ ይጣለው።»

አስተባባሪዋ መሳቢያ ከፍተው ዝርዝሩን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ተቀመጪ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

«አልቀመጥም። ሥራ ለቀቀ እንዴ?»

«ተቀመጪ።»

እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ግን አልገባትም፤ ወይም እምቢ አለች። «ሌላ ቦታ ከሄደ በአድራሻው እናንተ ላኩለት፤ እኔ አላይም» እያለች ነበር።

«አርፏል» አሉ አስተባባሪዋ። «አምስት ወሩ። ሳንባው ነው። ታሞ እንኳ ተማሪዎቼን አልተውም ብሎ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ሠርቷል። የጥናቱን ፈቃድ የፈረመው በሕይወት እያለ ነው።»

ከዚያ፣ ማድረግ የሌለባቸውን ይሁን ያለባቸውን እንጃ፣ ማኅደሩን አወጡና የቅጥር ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። ትምህርቱን በርቀት ጨርሶ እንደተመረቀ እዚያ ተጽፏል። ከግርጌው «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ይላል። በእጁ ጽሑፍ የእሷ ስም አለ። ዝምድና፦ «ታላቅ እህት»። ሥራ፦ «የጽሑፍ መምህርት»። ስልክ፦ ከአራት ዓመት በፊት ስትቀይረው የተዘጋው ቁጥሯ።

«ደጋግመን ደውለናል» አሉ አስተባባሪዋ። «ሆስፒታሉም ደውሏል። ‹ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም› ነው የሚለው። እዚሁ ግቢ ውስጥ መኖርሽን በምን እንወቅ? አንቺ ለጥናቱ ስትመጪ የመጣሽው በማዕረግሽ ነው፤ እሱ የፈረመበት ወረቀትም የትምህርት ክፍሉን ስም ብቻ ነው የያዘው።»

አዲሱን ቁጥሯን ስታወጣ ለሚያውቋት ሁሉ መልእክት ልካ ነበር። ለእሱ የምትልክበት ቁጥር ግን አልነበራትም።

እዚያ ቢሮ ውስጥ አላለቀሰችም። ስሟን በጣቷ እየዳበሰች «የእጅ ጽሑፉ አምሮበታል» ብቻ አለች። ግቢው መሃል ስንደርስ ቆመች።

«ሳሉን አውጣልኝ ብዬዋለሁ» አለች።

«የቱን ሳል?»

«ገልባጩን። ሳሉን አውጣው ብዬዋለሁ። እየሳለ ነበር እኮ። ወንድሜ እየሳለ ነበር፣ እኔ ገጹን ያጨናንቃል አልኩ።»

አቀፍኳት።

በዚያው ሳምንት ተከራይቶ ይኖርበት ወደነበረው ቤት ሄድን። አከራይዋ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ክፍሉን ለሌላ ሰው አከራይተውት ነበር፤ ዕቃውን ግን በአንድ ካርቶን አስቀምጠውለታል። «አንድ ቀን ሰው ይመጣል ብዬ» አሉ። ከዚያ ለማጽናናት ይመስለኛል፣ ስለ እሱ ያጫውቱን ጀመር።

«እንደሱ ያለ ተከራይ የለም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው፤ ግን ድምፁ አይሰማም። አንድ ቀን ‹ልጄ፣ ከማን ጋር ነው እንዲህ ዝም የምትለው?› አልኩት። ‹ከተማሪዎቼ ጋር› አለኝ። ‹ታዲያ ዝም ካልክ ምን ታስተምራቸዋለህ?› ብለው፣ ‹እማማ፣ በጣም ከባዱ ሥራ እሱ ነው› ብሎ ሳቀ።»

ባልደረባዬም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ካርቶኑን ከፈተችው። ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ጥቂት መጻሕፍት። ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፎት የነበረ ወረቀትም ነበረ፤ ማጣበቂያው ገና ጠርዙ ላይ አለ። በትልልቅ ፊደል «አታቋርጥ። እጅህን ሰብስብ። ይጨርሱ።» ይላል። ለራሱ የጻፈው ነው። እሷ ያን አይታ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው። «ያምረው ነበር ማለት ነው» አለች። «እሱንም እንደኔ ማረም ያምረው ነበር። ይሄን አውርሼዋለሁ። እየታገለ ነበር።» በየመጽሐፉ መሃል እየገለጠች የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ያችን ስለ እናታቸው የጻፋትን ገጽ ነበር። አልነበረችም።

ኮሚቴው ዝምድናውን ስትነግራቸው በሳምንቱ መልስ ሰጠ፦ የአስጠኚ ዘጠኝ አሥራ ሰባት ክፍለ ጊዜዎች ከጥናቱ ይውጡ፣ ግልባጮቹም ይሰረዙ። ትክክል ነበሩ፤ እሷም አልተከራከረችም። ግን የጥናቱ ጉልበት እሱ ነበር። ያ ሲወጣ የቀረው ልዩነት ይህን ያህል አፍ የሚያስከፍት አልሆነም።

ከመሰረዟ በፊት አራት ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግታ አሥራ ሰባቱንም ጮክ ብላ አነበበቻቸው። ቢሮው የኔም ስለሆነ ልውጣ ብላት «ተቀመጪ» አለችኝ። የተማሪዎቹንም የእሱንም ታነባለች። «ዝምታ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ» የሚል ቦታ ስትደርስ ዝም ብላ ትቆጥራለች። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። እስክርቢቶ አልያዘችም።

«አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ» አልኳት በመጨረሻው ቀን። «ማን ያውቃል?»

«ተማሪዎቹ ያለቀሱበት፣ የነገሩት የግላቸው ነገር አለበት» አለች። «የፈረሙት ለጥናት ነው። ለእኔ እህትነት የፈረመ የለም።» ቀጥላም፣ «ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዛሬ ባስቀምጠው ምን ሊሆነኝ?»

ሰረዘችው። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» የሚለውን ተጫነችው።

ጥናቱን በሌሎቹ አሥር አስጠኚዎች ጨረሰችው። ያቀረበችበት አዳራሽ ሠላሳ ሰው ያህል ነበረበት። ረጋ ብላ፣ ሰንጠረዦቿን እያሳየች አቀረበች። ስትጨርስ ከፊት ወንበር አንድ ወጣት መምህር እጁን አነሳ።

«ቁጥሮቹ ከስምንት ወደ አሥር ይዘላሉ። አስጠኚ ዘጠኝ ለምንድን ነው የወጣው?»

«በዝምድና ምክንያት።»

«የማን ዝምድና?»

«የእኔ። ወንድሜ ነው» አለች።

«ነበር» አላለችም። መምህሩ አንገቱን ነቅንቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ምን ያድርግ፣ አያውቅም። የመድረኩ መሪ «ሌላ ጥያቄ?» አሉ። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ናሙናው ብዛት ነበር። በደንብ መለሰችው። ስለ ሰዓቱ ርዝመትም ተጠየቀች፤ እሱንም መለሰች። አጨበጨቡላት።

ሰው ሁሉ ወደ ሻይ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለወራት ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰችው። የሚያልፈው ሰው ያየናል፤ አንዳንዱ ደስ ብሏት ነው ብሎ «እንኳን ደስ አለሽ» እያለ ያልፋል። ቦርሳዋን ይዤላት አጠገቧ ቆምኩ።